ተመልካች ሞልቶ ክፍያ ሲጠፋ፦ ለጀማሪ ቪዲዮ ሠሪዎች ችግርና መፍትሄ

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በዳንግላ ቪዲዮ እየሠሩ የሚጭኑ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሱት ቅሬታ፣ ተመልካቹ በሺህ ሲቆጠር ገንዘቡ ግን አይታይም የሚል ነው። መድረኮቹ የሚከፍሉበት መንገድ እጅግ የተለያየ ስለሆነ፣ ችግሩ የት ላይ እንደታየ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል።

ችግር፦ የቲክቶክ ቪዲዮ መቶ ሺህ ጊዜ ታይቶ ምንም ገቢ አላስገኘም።
ቲክቶክ በእይታ ልክ የሚከፍልበት ፕሮግራም 10,000 ተከታይ፣ በ30 ቀናት ውስጥ 100,000 እይታ እና ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚረዝም ቪዲዮ ይጠይቃል፤ ሆኖም የተከፈተው እንደ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ጀርመንና ጃፓን ላሉ ጥቂት አገሮች በመሆኑ፣ ይህን ሁሉ ያሟላ የእንጅባራ ልጅ እንኳ ሊገባበት አይችልም። በቪፒኤን (ስልኩ ሌላ አገር ያለ በሚያስመስል መተግበሪያ) አገር ቀይሮ መሞከር አካውንትን ለአደጋ ያጋልጣል። የሚቀረው መንገድ ተመልካች በገዛው ኮይን የሚልከው የላይቭ ስጦታ ነው፤ ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ስጦታ ሲጠይቁ ማደር ትምህርት ነክ ሥራ ለያዘ ሰው የሚመጥን አይመስለኝም።

ችግር፦ በዩቲዩብ 1,000 ሰብስክራይበር ሞልቷል፣ የእይታ ሰዓቱ ግን ፈቀቅ አይልም።
መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ሾርትስ፣ ማለትም የዩቲዩብ አጭር ቪዲዮ ነው። ሾርትስ ሰብስክራይበር ያመጣል፤ በሾርትስ መስመር ላይ የታየ ጊዜ ግን የማስታወቂያ ገቢ ለማግኘት ከ1,000 ሰብስክራይበር ጋር በ12 ወራት ውስጥ መሟላት ካለበት 4,000 ሰዓት ውስጥ አይቆጠርም። በሾርትስ ብቻ ለዚህ ገቢ ለመብቃት በ90 ቀናት 10 ሚሊዮን እይታ ያስፈልጋል። ስለዚህ መፍትሄው ረጅም ቪዲዮ መሥራት ነው፤ ለዚህ ደግሞ የቅኔ ቤቶች አገር የሆነው ጎጃም ሞልቶ የተረፈ ጉዳይ አለው። የአንድን ቅኔ ሰምና ወርቅ በሃያ ደቂቃ የሚያብራራ ቪዲዮ 600 ሰዎች እያንዳንዳቸው ለአሥር ደቂቃ ቢያዩት 100 ሰዓት ይሆናል፤ እንዲህ ያለ አርባ ቪዲዮ 4,000 ሰዓቱን ይሞላል። የማስታወቂያ ድርሻውም ለረጅም ቪዲዮ 55 በመቶ፣ ለሾርትስ 45 በመቶ ነው። ሥራው ለወራት ከተቋረጠ ግን ዓመት ያለፋቸው ሰዓታት ከቁጥሩ እየወጡ ይሄዳሉ።

በ500 ሰብስክራይበርና በ3,000 ሰዓት የሚከፈት ቀዳሚ ደረጃ መኖሩ እውነት ነው፤ ይህ ግን ተመልካች በቀጥታ የሚከፍለውን እንጂ የማስታወቂያ ገቢን አያስገኝም። ከሁሉ በፊት የቻናሉ አገር በዩቲዩብ የሞኒታይዜሽን (ገቢ የሚገኝባቸው አገሮች) ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ማየት ይገባል።

ችግር፦ ማስታወቂያ ይታያል፣ ገቢው ለሌላ ሰው ይሄዳል።
የሠርግ ቪዲዮ ላይ ከጀርባ የሚሰማው ዘፈን ባለቤት አለው። ዩቲዩብ የቅጂ መብትን የሚቆጣጠርበት ሥርዓት ዘፈኑን ከለየው ባለመብቱ ገቢውን ሊወስድ ይችላል፤ ያን ክፍል በዩቲዩብ ስቱዲዮ ድምፁን ማጥፋት ወይም ቆርጦ ማውጣት ይቻላል።

ቴሌግራም 1,000 ተከታይ ላለው ቻናል የማስታወቂያውን ግማሽ ያካፍላል፤ ክፍያው ግን ቶንኮይን በተባለ ዲጂታል ገንዘብ (ክሪፕቶ) ስለሆነ፣ ወደ ብር የሚቀየርበትን ሕጋዊ መንገድ ሳያረጋግጡ እርሱን ተማምኖ ዕቅድ ማውጣት አይበጅም።

ችግር፦ የዩቲዩብ ገንዘብ አድሴንስ (ጉግል የማስታወቂያ ገቢ የሚከፍልበት አገልግሎት) ላይ ተጠራቅሞ አይወጣም።
ሒሳቡ 10 ዶላር ሲደርስ አድሴንስ አድራሻ ማረጋገጫ ፒን (የምስጢር ቁጥር) በፖስታ ይልካል። ብዙዎች ቀበሌና የቤት ቁጥር ይጽፋሉ፤ የእኛ ፖስታ ግን የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር በመሆኑ ደብዳቤው መንገድ ላይ ይቀራል። የራስ ሣጥን ከሌለ፣ ባለቤቱን አስፈቅዶ የዘመድ ወይም የመሥሪያ ቤት ሣጥን መጠቀም ነው። ፒኑ በአራት ወር ውስጥ ካልገባ ማስታወቂያው ይቆማል፤ ከገባም በኋላ ክፍያው የሚወጣው ሒሳቡ 100 ዶላር ሲሞላ ነው።

የአሜሪካ ግብር ቅጹም መሞላት አለበት። ቅጹን ያልሞላ ግለሰብ ከጠቅላላ ገቢው እስከ 24 በመቶ ሊቆረጥበት ይችላል፤ የሞላው ግን የሚቆረጥበት አሜሪካ ካሉ ተመልካቾች ከሚገኘው ገቢ ላይ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት ይህ ተቀናሽ 30 በመቶ ይደርሳል፤ ተመልካቹ በአብዛኛው ዳያስፖራ የሆነ ቻናል ይህን አስቀድሞ ማስላት ይኖርበታል።