«አሪፍ ነው» አይበቃም፦ ስላነበብነው ልብ ወለድ ስናወራ የሚበዙ ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ መጽሐፍ ከእጅ እጅ ይዞራል። ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ስር አንዱ ያነበበውን ለሌላው ያቀብላል። «አቦ አንብበው፣ አሪፍ ነው» ይለዋል። «ምኑ ነው አሪፍ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ታሪኩን መተረክ ይጀምራል። ማን ማንን እንዳፈቀረ፣ ማን እንደሞተ፣ መጨረሻው ሳይቀር ይነገራል። አስተያየት አልተሰጠም፤ ሰሚው ደግሞ ጉጉቱን ተቀምቷል። ታሪኩን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስተዋውቁና ወደ ራሳችሁ ግቡ። የቱ ጋ ማቆም አቃታችሁ? የቱ ጋ ገጽ እየዘለላችሁ አለፋችሁ? እኔ ከአንባቢ መስማት የምፈልገው ይህንን ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ በአጭር ልብ ወለድ ስብስብ ላይ የሚደርሰው ነው። የድሬ ሙቀት ሰውን ቤት ያስቀምጠዋል፤ ስብስቡም እንደ አንድ ረጅም ልብ ወለድ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። አምስተኛው ታሪክ ላይ ሲደረስ የሁለተኛውና የአራተኛው ባለታሪኮች ተደባልቀዋል። ፍርዱም «አንዳንዱ ጥሩ ነው፣ አንዳንዱ አይረባም» ይሆናል። ይህ ስለ የትኛውም ስብስብ ሊባል ይችላል።

አጭር ልብ ወለድ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ካለቀ በኋላ ነው። ደራሲው ያልተናገረውን እኛ እንድናስበው ትቶልናል፤ ለማሰብ ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል። አንዱን አንብቡ፣ መጽሐፉን ክደኑ፣ ቢያንስ እስከ ማታ ተዉት። ከርዕሱ ጎን በእርሳስ አንድ መስመር ጻፉ (የተዋሳችሁት ከሆነ ብጣሽ ወረቀት ላይ)፦ «እናትየው ልጇን ስታባርር አላመንኳትም» ዓይነት። ስትጨርሱ ማውጫውን ተመልከቱ። ርዕሱን አይታችሁ ምንም ትዝ የማይላችሁ ታሪክ የቱ ነው? ምርጡንና ደካማውን በርዕሱ ጠርታችሁ ምክንያቱን ስትናገሩ ሰው ያምናችኋል።

ሌላው የደራሲውን ሕይወት በመጽሐፉ ቦታ መተካት ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታተመ፤ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉም በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። «ኦሮማይ» ሲነሳ ወሬው ሁሉ እዚህ ላይ ያልቃል። ሐዘኑ ተገቢ ነው፤ ሊረሳም አይገባም። ግን ጸጋዬስ? እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ ለደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ የሄደው፣ እዚያም በፊያሜታ ፍቅር የተያዘው ጋዜጠኛስ? በሚሠራው ሥራ ላይ ያለው እምነት የት ጋ ተሸረሸረ? ለበዓሉ ከዚህ ጥያቄ የበለጠ ክብር ያለ አይመስለኝም።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ብዙዎቻችን ጆሮ ውስጥ ያለው በወጋየሁ ንጋቱ የራዲዮ ትረካ ነው። ድንቅ ትረካ ነው። ሆኖም ጉዱ ካሳን የወደድነው በድምፁ ይሁን በሐዲስ ዓለማየሁ ቃል ለመለየት፣ መጽሐፉን ገልጦ በዝምታ ማንበብ ይጠይቃል።

የእኛ የከተማ ልጆች የተለየ ድክመት አለ። ድሬ የተጠቀሰችበት መጽሐፍ ሲመጣ ወይ ከዚራ የሚለውን ስም ስላየን ብቻ እናሞግሰዋለን፣ ወይ አንድ ስህተት አግኝተን እንጥለዋለን። አንድ ባለታሪክ ከለገሃር ተነስቶ የደቻቱን ወንዝ ሳይሻገር መጋላ ሰፈር ቢደርስ ያናድዳል፤ ታሪኩን ግን አያፈርሰውም። ፍቅረኛሞቹ በጥር ሞልቶ በሚፈስ ደቻቱ ዳር እየተቀጣጠሩ፣ የታሪኩ መቋጫም በዚያ ውኃ ላይ ቢቆም ግን ነገሩ ሌላ ነው። በጥር ደቻቱ አሸዋ ነው። ነሐሴን ጠብቆ በጎርፍ የሚያስፈራን ወንዝ መሆኑን ያላወቀ ደራሲ ታሪኩን የተከለው በሌለ ነገር ላይ ነው። ይህን መናገር ተገቢ ነው።

በመጨረሻ፣ ይሉኝታ። ጓደኛችን የመጀመሪያ መጽሐፉን ሲያሳትም ሁላችንም «ግሩም ነው» እንላለን፤ ከኋላው ደግሞ ሌላ እናወራለን። ይህ ግፍ ነው። ሻይ ጋብዙትና ለብቻው ንገሩት፦ «እኅትየውን ወድጃት ነበር፤ ከመሃል ጀምሮ ግን ጠፋችብኝ። የት ሄደች?» ሁለተኛውን እትም ከማሳተሙ በፊት ከአንባቢ የሚፈልገው ይህን ጥያቄ ነው።