ቤት ውስጥ ጥንብ ሲሸት፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

የሞተ እንስሳ ሽታ በመጀመሪያው ቀን «ምንድን ነው?» ያሰኛል፤ በሦስተኛው ቀን ጥያቄው «የት ነው?» ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ወይ መዶሻ ያነሳል፣ ወይ ሽቶ ይረጫል። መዶሻው ጥፋት የሌለበትን ግድግዳ ያፈርሳል፤ ሽቶው ደግሞ ከግማቱ ጋር ተደባልቆ ሌላ ግማት ይወልዳል።

ሽታ አለ፣ ግን ጥንብ ነው?

መጀመሪያ ሌሎቹን ያጣሩ። ሽታው ከመታጠቢያ ቤት ብቻ ከመጣ ብዙ ጊዜ ውሃ ያልፈሰሰበት ሲፎን (ውሃ ይዞ የፍሳሽ ሽታን የሚያግደው ጠማማ ቧንቧ) ደርቆ የፍሳሽ ሽታ አስገብቶ ይሆናል፤ አንድ ጆግ ውሃ ማፍሰስ ይበቃል። የበሰበሰ ድንችም ያታልላል። እኔ ራሴ የወለል ጣውላ ከነቀልኩ በኋላ ጥፋተኛውን ከቁም ሳጥን ጀርባ በላስቲክ ተጠቅልሎ አግኝቼዋለሁ። የማብሰያ ጋዝ ካለ ግን ቀልድ የለም፤ ጋዙ ሲያመልጥ እንዲታወቅ መጥፎ ሽታ ስለሚጨመርበት፣ ከተጠራጠሩ መብራት ሳይነኩ መዝጊያውን ይዝጉ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ ይውጡ።

የጥንብ ሽታ ጣፋጭነት የተቀላቀለበት ክርፋት ነው፤ ከቀን ወደ ቀን ይብሳል፣ ቤቱ ሲሞቅም ይበረታል።

ሽታው ቤቱን ሁሉ ሞልቷል፣ ምንጩ ግን አይገኝም

ምክንያቱ ግማሹ ሽታውን የሚያዛምተው አየር ነው፣ ግማሹ አፍንጫዎ። አፍንጫ በደቂቃዎች ውስጥ ሽታ ይለምድና መለየት ያቆማል። ስለዚህ ክፍሎቹን ሁሉ ለየብቻ ዘግተው ለጥቂት ሰዓታት ከቤት ይውጡ። ሲመለሱ በር እየከፈቱ ወዲያውኑ ያሽትቱ፤ የመጀመሪያው ትንፋሽ ነው እውነቱን የሚናገረው። ክፍሉ ከታወቀ በኋላ የሶኬት ዙሪያን፣ ቧንቧ የሚገባበትን ቀዳዳ፣ የግድግዳና የወለል መጋጠሚያን ያሽትቱ። አይጥ ሙቀት ስለሚወድ ከፍሪጅ ጀርባ፣ ከምድጃ ስርና ከውሃ ማሞቂያው አጠገብ መጀመር ያዋጣል።

ዝንቦችም ይመራሉ። ትልልቆቹ አረንጓዴና ሰማያዊ ዝንቦች ጥንብ ላይ በሰዓታት ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ። መስኮት ላይ የተሰበሰቡትን ግን አይመኑ፤ ብርሃን ስቧቸው ነው። የሚወጡበትን ስንጥቅ፣ ለምሳሌ የአምፖሉን ቀዳዳ ይመልከቱ። ኮርኒስ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ካለ ፍለጋው አብቅቷል ማለት ይቻላል።

አሁንም ካልተረጋገጠ ጠባብ ቀዳዳ በስተው የስልክ ካሜራ ከነመብራቱ ያስገቡ። የኤሌክትሪክ መስመር የሚያልፍበት ከሆነ መጀመሪያ ቆጣሪውን ያጥፉ።

ተገኘ፤ እንዴት ይነሳል?

በጓንትና በአፍ መሸፈኛ። በደረቁ አይጥረጉ፣ አቧራው ጀርም ያስነሳል። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠው በድኑንና ዙሪያውን ያርሱ፤ 5 ደቂቃ ይጠብቁ። በረኪናውን ከአሞኒያም ሆነ ከአሲድ ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። በድኑን በሁለት ፌስታል ደርበው ይቋጥሩ። ፈሳሹ የገባበት የኮርኒስ ሰሌዳ ቢታጠብም ስለሚሸት መቀየር ይሻላል። የሌሊት ወፍ ከሆነ በባዶ እጅ አይነካም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊይዝ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ሰው የሚነክስ ነገር ከመጣ ቁንጫ ሳይሆን አይቀርም፤ የሞተ ገላ ሲቀዘቅዝ ጥሎ ሌላ ሙቅ ገላ ይፈልጋል።

ቦታው ቢታወቅም መድረስ ካልተቻለ

መጠበቅም መፍትሄ ነው። ትንሽ አይጥ በሳምንት ገደማ፣ ትልቅ አይጥ በሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ደርቆ ሽታው ያልቃል፤ እርጥበት ካለ ይረዝማል። እስከዚያው በክፍሉ በኩል ያለውን ስንጥቅ በፕላስተር ይድፈኑ፣ አየር ያናፍሱ፣ ከሰል በሰፊ ሳህን ያስቀምጡ፤ ሽታን ይመጥጣል።

ሽታው ጠፍቶ በሳምንቱ ተመለሰ

ይህ ብዙውን ጊዜ የመርዝ ውጤት ነው። ደም የሚያቀጥነው የአይጥ መርዝ ወዲያው አይገድልም፤ አይጡ ለቀናት ይዞር ይዞርና ጎጆው ውስጥ ይሞታል፣ ሌላው ይከተላል። «ውሃ ፍለጋ ውጭ ወጥቶ ይሞታል» የሚባለው የሻጭ ወሬ ነው። እናቲቱ ሞታ ግልገሎቿ በኋላ አልቀውም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ወጥመድን የምመርጠው፤ የገደለውን ያሳያል።

አይጥ የሚገባበትን ቀዳዳ ለመድፈን ግን አይቸኩሉ፤ ውስጥ ያለው በሕይወት ካለ እዚያው ይቀበራል። መጀመሪያ በተጨማደደ ወረቀት ይወትፉት። ወረቀቱ ለሦስት ቀን ካልተነካ በድስት መፈተጊያ ሽቦና በሲሚንቶ ይድፈኑት፤ ለትንሽ አይጥ 6 ሚሊ ሜትር ስንጥቅም በር ነው።