የካምፓስ አገልግሎት ሕንፃን ከውጭ ሲያሳምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክርስቲያን ተማሪዎች የሚሰበሰቡባቸው የካምፓስ አገልግሎት ቤቶች ብዙዎቹ ለዚህ ሥራ ታስበው የተሠሩ አይደሉም። የካቶሊክ ተማሪዎች የኒውማን ክበብ እ.ኤ.አ. በ1893 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ፣ የሜቶዲስቶቹ ዌስሊ ፋውንዴሽን ደግሞ በ1913 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ከተጀመሩ ወዲህ እንዲህ ያሉ አገልግሎቶች ተስፋፍተዋል፤ ብዙዎቹም የሰፈሩት በዩኒቨርሲቲው ዳር በተገኘ፣ ቀድሞ መኖሪያ ወይም ቢሮ በነበረ ቤት ነው። በዚህም የተነሣ በአጠገቡ በየቀኑ የሚያልፍ ተማሪ ቤቱ ምን እንደሆነ፣ መግባት ይፈቀድለት እንደሆነና በሩ በየት በኩል እንዳለ ከውጭ አይቶ መለየት ይቸግረዋል። ለማሳመሪያ የሚሆን ገንዘብ ሲገኝ ግን ውሳኔውን የሚሰጡት ቤቱን ለዓመታት የለመዱት፣ መግቢያውን በጨለማም የማያጡት ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ስህተቶች የሚመነጩትም ከዚሁ ነው።

ከሁሉ የከፋውና ብዙ ገንዘብ የሚያባክነው ስህተት ውሃውን ሳይከላከሉ ቀለም መቀባት ነው። ከግድግዳው ግርጌ የሚታይ ነጭ የጨው ዱቄት፣ ያበጠና የተላጠ ቀለም ወይም ከጣሪያው ጠርዝ ወደ ታች የወረደ ጥቁር መስመር የሚናገሩት ስለ እርጥበት ነው፤ ምናልባት አሸንዳው ተቀዷል፣ ወይም ግቢው ወደ ሕንፃው ያዘነብላል። በዚህ ላይ የተቀባ አዲስ ቀለም ብዙ ሳይቆይ ይነሣል። ስለሆነም ጣሪያው፣ አሸንዳውና የውሃ መውረጃ ቱቦው አስቀድመው ይጠገኑ፤ ከሕንፃው ዙሪያ ያለው አፈርም በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትሮች ውስጥ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ይደረግ። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ከሆነ ደግሞ ቀለም ከመቀባቱ በፊት አራት ሳምንት ያህል ሊደርቅ ይገባዋል። በኖራ የተገነባ የቆየ የጡብ ግድግዳ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል፤ እንዲህ ያለው ግድግዳ እርጥበቱን በራሱ ገጽ በኩል ስለሚያስወጣ አየር በማያሳልፍ ቀለም ወይም በጠንካራ ሲሚንቶ ቢሸፈን ውሃው ውስጥ ታፍኖ ጡቡን ራሱን ይበላዋል። ጡቡን በአሸዋ ግፊት ማጽዳትም በእሳት የጠነከረውን የላይኛውን ገጽ ስለሚገፍ ሊሞከር አይገባም።

የውሃ ነገር ትልቅ በጀትና ስመ ጥር መሐንዲስ ያላቸውንም አይምርም። በኮሎራዶ የሚገኘው የአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ ጸሎት ቤት በ17 ሾጣጣ ጫፎቹ በዓለም የታወቀ ሕንፃ ነው፤ ይሁንና በመጀመሪያው ንድፍ ላይ የነበረው የውሃ መከላከያ ለወጪ ቅነሳ ሲባል ተሰርዞ መጋጠሚያዎቹ በማሸጊያ ብቻ በመደፈናቸው ለአሥርተ ዓመታት ሲያፈስ ኖሮ በ2019 ለሰፊ እድሳት ተዘግቷል። የሕንፃ ኮሚቴዎች ከማይታየው ሥራ ላይ ቀንሰው ለሚታየው መመደብ ሲቃጣቸው ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

ሁለተኛው ስህተት ሰሌዳውን ለአባላት መጻፍ ነው። አባላቱ ብቻ የሚያውቁት ምሕጻረ ቃል፣ ረጅም ጥቅስና በላዩ የተደራረቡ ባነሮች ለአላፊ አግዳሚው ምንም አይነግሩትም። የአገልግሎቱ ሙሉ ስም፣ ቤቱ ለማን ክፍት እንደሆነና የሚከፈትበት ሰዓት ይበቃሉ። ፊደሉ በየ3 ሜትሩ ርቀት ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ሊኖረው ይገባል ተብሎ በልምድ ይሰላል፤ ስለዚህ ከ30 ሜትር እንዲነበብ የታሰበ ስም ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይፈልጋል። ሰዎች በሕንፃው ጎን እየተራመዱ የሚያልፉ ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ ሰሌዳ ይልቅ ወደ መንገዱ የወጣው ይታያቸዋል። ክርስቲያናዊ ማንነትን ከነጭራሹ ደብቆ ቤቱን እንደ ሻይ ቤት ማስመሰልም አለ፤ በእኔ አስተያየት ይህ ከባነሩ ብዛት ይብሳል፣ ምክንያቱም ገብቶ እውነቱን የተረዳ ተማሪ የተታለለ ይመስለዋል።

መግቢያውን ችላ ማለትም ከዚህ አይተናነስም። ገንዘቡ ሁሉ በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ፈስሶ በሩ ጨለማ፣ መስታወቱም በወረቀት የተሸፈነ ሆኖ ይቀራል። ውስጥ ሰው መኖሩ ከውጭ ከታየ የእንግዳው ፍርሃት ይቀንሳል። የዊልቸር መወጣጫ በመጨረሻ ሲታሰብ ደግሞ ቦታ አይገኝለትም፤ በተለመደው የ1 ለ12 ተዳፋት መሠረት 45 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ያለ በር 5.4 ሜትር የሚረዝም መወጣጫ ይጠይቃል። ከመነሻው ከታቀደ ሁሉም ሰው የሚሄድበት ያማረ መንገድ ይሆናል፤ ካልታቀደ ግን በጓሮ በኩል ይቀመጥና ተጠቃሚውን ከሌሎቹ ይለየዋል።

ቤተ ክርስቲያን ለማስመሰል ብሎ በመኖሪያ ቤት ላይ የፕላስቲክ ዓምድና ቀላል ጉልላት መለጠፍ ሌላው ሊወገድ የሚገባው ነው። በ1955 የተጠናቀቀው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ጸሎት ቤት ከውጭ ሲታይ ጌጥ የሌለው ክብ የጡብ ግድግዳ ሆኖ ሳለ የጸሎት ስፍራነቱን አላጣም። አንድ በደንብ የተሠራ መስቀልና የቤቱን ቅርጽ የሚያከብር ቀለም ከብዙ ጌጥ ይሻላሉ።

መብራትን በተመለከተ፣ ዐይን የሚያጥበረብር ነጭ ፓውዛ ከመስቀል ይልቅ ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) የሚደርስ ሞቅ ያለ ብርሃን በበሩና በመተላለፊያው ላይ ወደ ታች እንዲያበራ ማድረግ ይመረጣል። በመንገዱ ዳር ያሉ ቁጥቋጦዎች ከ90 ሴንቲ ሜትር ባይበልጡና የዛፎቹ ቅርንጫፎች ከ2 ሜትር በታች ባይወርዱ በምሽት የሚመጣ ሰው አካባቢውን አይቶ ይገባል።

በመጨረሻም ሥራውን በፈቃደኛ ተማሪዎች ላይ ብቻ መጣል ያስቸግራል። ተማሪዎች ዝቅተኛውን ግድግዳ ሊቀቡና አትክልት ሊተክሉ ይችላሉ፤ ጣሪያና ኤሌክትሪክ ግን ለባለሙያ ይተው። የተከሉት ተማሪዎች በዕረፍት ወራት ወደየቤታቸው ሲበተኑ አበባው የሚያጠጣው አጥቶ ይደርቃል፣ ያለፈው ሴሚስተር ማስታወቂያም በሩ ላይ ይቆያል። ስለዚህ እንክብካቤ የማይፈልጉ ቋሚ ተክሎች ይመረጡ፤ ጊዜው ያለፈበትን ማስታወቂያ የሚያነሣ፣ አሸንዳውንም ከዝናብ ወራት በፊት የሚያስጠርግ አንድ ተጠሪ ቀለሙ ከመገዛቱ በፊት ይሰየም።