የቤት የገንዘብ ወረቀቶችን ማደራጀት፦ ጅማ ላይ ለሚኖር

ጅማ ላይ ወረቀት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበትም ይሻግታል። ስለዚህ ሥራው በጥርና በየካቲት፣ አየሩ ደረቅ ሳለ ቢሠራ ይሻላል። የራሰ ወረቀት ሲዘረጋ ይቀደዳል፤ ማኅተሙም አጠገቡ ባለው ገጽ ላይ ይታተማል።

6 ካኪ ፖስታ፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን፣ አንድ ደብተርና እርሳስ ያዘጋጁ። ከቡፌው መሳቢያ፣ ከፍራሽ ሥር፣ ከኮት ኪስና ከመጻሕፍት መሃል ያለውን ወረቀት ሁሉ አንድ ላይ ያውጡ። ስቴፕልና መርፌ ቁልፍ ይንቀሉ፤ በእርጥበት ዝገው ወረቀቱን ይበሳሉ። ላስቲክም አያስሩበት፤ ሲያረጅ ቀልጦ ይጣበቃል።

እያንዳንዱን ወረቀት ሲያነሡ «ይህን ወደፊት ማን ይጠይቀኛል?» ይበሉ። ማንም የማይጠይቀው ወደ መጣያው ክምር ይሂድ።

የቤት ካርታ፣ የሽያጭ ውል፣ የውርስና የጋብቻ ሰነድ፣ የባንክ ብድር ማጠናቀቂያ ክሊራንስና የእድር ደብተር መቼም አይጣሉም። ካርታውን ላሚኔት አያስደርጉ፤ ማኅተሙንና ፊርማውን በእጅ መመርመር ያስቸግራል። በአፋን ኦሮሞ የተጻፈውን ሰነድ ቤተሰቡ ሁሉ የማያነብ ከሆነ፣ «ናገሄ» (ደረሰኝ) የሚለው ወረቀት የምን እንደሆነ ጀርባው ላይ በእርሳስ ይጻፉ።

ያበደሩበት ወረቀት ቁራጭ ብትሆንም ትቀመጥ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ቀርቦ ዕዳውን በማመን ወይም በመሐላ ብቻ ነው፤ ምስክር መደርደር አያዋጣም። ዕዳ የከፈሉበትን ደረሰኝ ደግሞ 10 ዓመት ይያዙት፤ በቁጥር 1845 የውል ጥያቄ በመርሕ ደረጃ በይርጋ (ጊዜው በማለፉ) የሚታገደው በዚያ ጊዜ ነው።

የውሃና የመብራት ቢል አንድ ዓመት ይበቃዋል፤ አዲሱ ቢል ላይ ውዝፍ አለመኖሩን አይተው አሮጌውን ያስወግዱ። የእቁብ ወረቀትም ዙሩ አልቆ ሒሳቡ ከተዘጋ ብዙ አይቆይ። ንግድ ፈቃድ ያለው ሰው የንግዱን ደረሰኝ ከቤቱ ወጪ ይለይ፤ በበጀት ዓመት፣ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30፣ ያስቀምጥ። ቡና በፈረሱላ የሸጠ ገበሬ በደረሰኙ ላይ ኪሎውንም ያስጽፍ፤ 1 ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀን ላይ ነው። የባንክ ወረቀት ብዙ ጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር ይታተማል፣ በእጅ የተጻፈው ደግሞ በኛ ነው። 15/03/2024 እና 06/07/2016 አንድ ቀን ናቸው፦ መጋቢት 6። ሁለተኛውን እንደ ፈረንጅ ቀን ያነበበ ሰው ግን ጁላይ 6 ብሎ፣ ዓመቱንም 8 ዓመት ወደ ኋላ ወስዶ ከማይዛመደው ጋር ይከተዋል። የዓመቱ ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። ስለዚህ ከመደርደርዎ በፊት በእያንዳንዱ ወረቀት ቀኝ ጠርዝ ላይ የኢትዮጵያን ወርና ዓመት በእርሳስ ይጻፉ። አሰልቺ ነው፣ ግን ካልተሠራ ድርደራው ሁሉ ይበላሻል።

በካሽ ሬጅስተር የታተመ ደረሰኝ በሙቀት ስለሚጻፍ በሙቀትና በብርሃን ይጠፋል። ፀሐይ ላይ አያስጡት፤ ላሚኔት ቢያደርጉት ደግሞ ይጠቁራል። የዕቃ ዋስትና ያለበትን በገዙበት ሳምንት ፎቶ ኮፒ ያስደርጉ። በቴሌብር የተከፈለውን የግብይት ቁጥር ከ127 ከመጣው መልእክት ደብተሩ ላይ ይገልብጡ፤ ስልክ ሲጠፋ መልእክቱም አብሮ ይጠፋል።

ሳጥኑ ከወለል ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ አንድ ስንዝር ርቆ ይቀመጥ፤ ምስጥም እርጥበትም የሚመጡት ከዚያ ነው። ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች 3 ወይም 4 ውስጡ ይጨምሩ። ወረቀቱ ሳይደርቅ ግን ክዳኑን አይግጠሙ፣ ሻጋታው ውስጥ ይራባል። የሻገተውን ጥላ ላይ አድርቀው ውጭ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ እንጂ እርጥቡን አይጥረጉ።

የሚጣለውን ለሱቅ አይስጡ። የሒሳብ ቁጥርዎና ፊርማዎ ያለበት ወረቀት የቆሎ መጠቅለያ ሆኖ ሂርማታ ገበያ ይዞራል። ቀዳደው ያቃጥሉት፤ የአሮጌ ኤቲኤም ካርድ ቺፑም በመቀስ ለሁለት ይቆረጥ።