ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ያለ ሊኑክስ የላፕቶፑን ግራፊክስ ካርድ እንዲጠቀም እንዴት ይደረጋል

ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ኡቡንቱ ጭናችኋል። መስኮት ስትጎትቱ እየተንቀራፈፈ ይከተላችኋል፤ ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። መቼም መጀመሪያ የሚታሰበው ራም መጨመር ነው። እኔም 4 ጊጋ የነበረውን 8 አደረግኩት። ፕሮሰሰሩንም ከ2 ኮር ወደ 4 አሳደግኩት። ወይ ፍንክች! ለካ ውስጥ ያለው ሲስተም ግራፊክስ ካርድ ስለማያገኝ እያንዳንዷን ፒክስል በፕሮሰሰር ነበር የሚሥለው።

መፍትሔው ካርዱን ከላፕቶፑ ወስዶ ለእንግዳው፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ላለው ሲስተም፣ መስጠት አይደለም። እሱ ፓስስሩ የሚባል ሌላ ጣጣ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሁለተኛ ካርድ ይፈልጋል። እዚህ የሚተላለፈው ትእዛዙ ነው። እንግዳው ሲስተም የኦፕንጂኤል ትእዛዞቹን (ፕሮግራሞች ግራፊክስ ካርድን ሣልልኝ የሚሉበት ቋንቋ ነው) ጠቅልሎ ይልካል። ሆስቱ ላይ፣ ማለትም ዋናው ላፕቶፕ ላይ፣ ያለው ቨርጂል የሚባል ሶፍትዌር ይቀበልና ለእውነተኛው ካርድ ይተረጉምለታል። መሐል አስተርጓሚ ስላለ እንደ ቀጥታው አይፈጥንም። ለዴስክቶፕ፣ ለብራውዘርና ለቀላል ሥራ ግን ከበቂ በላይ ነው። አዲስ ነገርም አይደለም፤ ቨርቹዋል ማሽኑን የሚያስኬደው ኪውኢሙ የሚባል ፕሮግራም ውስጥ የገባው በ2015 መጨረሻ፣ በስሪት 2.5 ነው።

ይህ ጽሑፍ ሆስቱም እንግዳውም ሊኑክስ ለሆነበት፣ በኬቪኤም (የሊኑክስ የራሱ የቨርቹዋል ማሽን ድጋፍ) ላይ ቨርት-ማናጀርን፣ ማሽኖቹን በመስኮት የምናስተዳድርበትን ፕሮግራም፣ ለሚጠቀም ሰው ነው። እንግዳችሁ ዊንዶውስ ከሆነ በዚህ መንገድ አትድከሙ።

1. ማሽኑን ዝጉት። ሪስታርት አይበቃም፤ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ። ለውጦቹ የሚያዙት ከጠፋ በኋላ ሲነሳ ነው።

2. የማሽኑን መስኮት ክፈቱና ላይኛው ረድፍ ላይ ያለችውን የአምፖል ምልክት ተጫኑ። በግራ በኩል የዕቃዎቹ ዝርዝር ይመጣል። «ቪዲዮ» የሚለውን ምረጡ። ሞዴሉ ኪውኤክስኤል ከሆነ ወደ ቨርትዮ ቀይሩት፤ ኪውኤክስኤል ሦስት ዳይሜንሽን አያውቅም። ከዚያ «ስሪዲ አክሰለሬሽን» የምትለውን ሳጥን ቲክ አድርጉና አፕላይ።

3. እዚህ ጋ ረጋ በሉ። እኔ ሁለት ሌሊት ያደርኩት እዚህ ነው።

ሁለተኛውን ደረጃ ጨርሼ ማሽኑን ሳስነሳ ቀይ ስህተት መጣ፤ ማሳያው ኦፕንጂኤል አልተከፈተለትም ይላል። እውነቱን ነው። ቪዲዮ ካርዱና ማሳያው ለየብቻ የሚስተካከሉ ነገሮች ናቸው፤ አንዱን ከፍቶ ሌላውን መተው አይሠራም። «ዲስፕሌይ ስፓይስ» ውስጥ ገባሁና «ኦፕንጂኤል» የሚለውን ቲክ አደረግኩ። አስነሳሁት። አሁን ደግሞ ሌላ ስህተት! የስፓይስ ኦፕንጂኤል እዚያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ከፖርት ጋር አብሮ አይሄድም የሚል።

እኔ «ፖርት» የሚለውን ሳይ ፋየርዎሉ መሰለኝ። እሱን ስነካካ አመሸሁ። ጉዳዩ ግን ወዲህ ነው። ስፓይስ ማለት የማሽኑን ስክሪን በኔትወርክ እንድናይ የተሠራ ነገር ነው፤ ስለዚህ ሳንጠይቀው ፖርት ከፍቶ ይጠብቃል። ካርዱ የሣለው ምስል ግን ካርዱ ሜሞሪ ውስጥ ነው ያለው። ወደ መስኮቱ የሚደርሰውም ሳይገለበጥ፣ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ከእጅ ወደ እጅ ነው። በፖርት ልላከው ብትሉት መንገድ የለውም።

የሚደረገው ይኸው ነው። በዚያው በዲስፕሌይ ስፓይስ ገጽ ላይ «ሊስን ታይፕ» የሚል አለ። «አድሬስ» ከሚለው ወደ «ነን» ቀይሩት፤ ምንም ማለቱ ነው። ከዚያ ኦፕንጂኤል ቲክ፣ አፕላይ። ላፕቶፑ ሁለት ካርድ ካለው ከሥሩ ባለው ዝርዝር የኢንቴሉን ወይም የኤኤምዲውን ምረጡ፤ ሜሳ በሚባለው የሊኑክስ ክፍት ድራይቨር ስለሚሄዱ ያለ ንትርክ ይሠራሉ። ዋጋው ምንድን ነው? እኔ በምጠቀምበት ስሪት ማሽኑን ከሌላ ኮምፒውተር ሆኖ ማየት አይቻልም።

4. አስነሱና አረጋግጡ። መስኮቱ ቀለል ስላለ ብቻ አትደሰቱ። እንግዳው ኡቡንቱ ውስጥ ሴቲንግስ ገብታችሁ ስለ ሲስተሙ የሚገልጸው ገጽ ላይ «ግራፊክስ» የሚለውን መስመር አንብቡ። ቨርጂል ብሎ ቀጥሎ የሆስታችሁን ካርድ ስም ከጻፈ አለቀ። ስትፈልጉት ግን ልብ በሉ፤ እዚያ ሲጻፍ ከኤል በፊት መኖር የነበረባትን «አይ» ጎርደዋታል። ኤልኤልቪኤም-ፓይፕ ካለ ግን አሁንም በፕሮሰሰር ነው የሚሥለው፤ ወደ 2 ተመለሱ። በይነመረብ ላይ ቪዲዮ ራም እንድትጨምሩ የሚመክሩ ብዙ ናቸው። በቨርጂል ምንም ጥቅም አላየሁበትም።

ቩልካን (ከኦፕንጂኤል በኋላ የመጣ አዲስ የግራፊክስ ቋንቋ) የሚፈልግ ፕሮግራም ካላችሁ ቨርጂል አይበቃም። ለሱ ቬነስ የሚባል ወንድሙ አለ፤ ኪውኢሙ 9.2 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ አልሄድም። ድሮ ሥራዬን ሳልጨርስ መብራት ሲጠፋ «ሴቭ» ብዬ ማሽኑን እንዳለ አስተኛው ነበር። ቨርጂል ከበራ በኋላ ይህ አይሠራም፤ ካርዱ ውስጥ ያለውን ነገር ወደ ፋይል መገልበጥ ስለማይችል እምቢ ይላል። እኔ ይህን ያወቅኩት ባትሪዬ 6 በመቶ ላይ ሆኖ ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ይዞብኝ ጠፋ። አሁን መብራት ብልጭ ካለ ፋይሎቼን እዚያው ውስጥ ሴቭ አድርጌ ማሽኑን እዘጋለሁ። ስናፕሾትም የምወስደው ማሽኑ ጠፍቶ እያለ ብቻ ነው።