የራውተር ቢታችን ያለ ዕድሜው ለምን ይሞታል?

ራውተር ስንል የእንጨት ጠርዝና ቦይ የሚቀርጸውን ማሽን ነው፤ ቢቱ ደግሞ እሱ ላይ ታስሮ የሚሽከረከረው መቁረጫ። «ደንዟል» ተብሎ ጥግ የተወረወረ ቢት ሳይ ያንገበግበኛል። አብዛኛውን ጊዜ አልደነዘም፤ ቆሽሿል። ካርባይድ ቢት (ስለቱ በጣም ጠንካራ ከሆነ ውህድ የተሠራ) በውድ የሚገዛ ዕቃ ነው። በወጉ ከተያዘ ስንት በርና ስንት ቁም ሳጥን ያሠራል!

ቆሻሻውን ከመደነዝ ጋር ማምታታት

ጥድ ወይም ፕላይውድ ስትሠሩ ሙጫው ይሞቅና ስለቱ ላይ ይጋገራል። ከዚያ በኋላ ቢቱ ይጮኻል፣ እንጨቱን ያሳርራል። የመሳያ ድንጋይ ከማንሳታችሁ በፊት አጽዱት። ኩሽኔታ (የእንጨቱን ጠርዝ ተደግፎ የሚዞር ቀለበት) ካለው መጀመሪያ ፍቱትና ለብቻው አስቀምጡት፤ ላምባ ከገባበት የውስጥ ግሪሱ ይታጠባል። ቢቱን ግን ላምባ ውስጥ ጥቂት ዘፍዝፉት፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት፣ በጨርቅ አድርቁት።

አሁን መስኮት አጠገብ ሄዳችሁ የስለቱን ጫፍ ፊት ለፊት ተመልከቱ። የተሳለ ስለት ብርሃን አይመልስም። ጫፉ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ መስመር ካብለጨለጨ ግን፣ አዎ፣ ደንዟል።

ጀርባውን መሳል

ከሁሉ የከፋው ይሄ ነው። ቢላ መሳል የለመደ እጅ ወዲያው ወደ ውጭኛው ጎን ይሄዳል። የቢቱን ቅርጽና ስፋት የያዘው ግን ያ ጎን ነው። እሱ ከተነካ ልኩ ጠፋ ማለት ነው። እኔም ሥራ ስጀምር የኩሽኔታ ቢት እንደዚህ ስዬ አውቃለሁ። ቀጥሎ በሠራሁት በር ላይ ፎርማይካው ከእንጨቱ እኩል አልተቆረጠም። በጥፍሬ ስዳስሰው የወረቀት ውፍረት ያህል ወጣ ብሎ ቀርቷል።

የሚሳለው የውስጠኛው ጠፍጣፋ ፊት ብቻ ነው። 600 ቁጥር የአልማዝ ድንጋይ ይበቃል። ፊቱን በማርከር ቀቡት፣ ድንጋዩ ላይ ልጥፍ አድርጋችሁ ሳቡት። ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከለቀቀ አያያዛችሁ ትክክል ነው። አንዱን ጎን 10 ጊዜ ከሳባችሁ ሌላውንም 10 ጊዜ። ቁጥሩ ከተዛባ አንደኛው ስለት ብቻ ይቆርጥና ራውተሩ እጃችሁ ላይ ይንቀጠቀጣል።

ድንጋዩን ውሃ አርከፍክፉበት። የካርባይድ ብናኝ ኮባልት ስላለበት ለሳንባ አደገኛ ነው፤ በደረቁ አትሳሉ።

ፊቱም ቢሳል ስፋቱ በጣም በትንሹ ይቀንሳል። የ12 ሚሊ ቢት ከዚያ በኋላ ልክ 12 አይደለም። ቦይ ከማውጣታችሁ በፊት ቁራጭ እንጨት ላይ ሞክሩት። ጠምዛዛውን ቢትና የተሸረፈውን ደግሞ በእጅ አትሞክሩት። እሱ የባለማሽን ሥራ ነው።

ግራይንደር ላይ ማስጠጋት

ተራው ግራጫ ድንጋይ ካርባይድን አይበላውም፤ ያግለዋል እንጂ። ካርባይዱ ከብረቱ ጋር የተያያዘው በብየዳ ስለሆነ ሙቀት ያላላዋል። የጋለውን ውሃ ውስጥ መንከር ደግሞ ይሰነጥቀዋል።

ሳጥን ውስጥ ደባልቆ መጣል

ካርባይድ ጠንካራ ነው፣ ግን ተሰባሪ ነው። እርስ በርሱ ሲጋጭ ይሸረፋል። ቁራጭ ጣውላ ብሱና በየቀዳዳው አቁሙት። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

አጉል አስሮ ማሽከርከር

እኛ ዘንድ ሚሊና ኢንች ተደባልቆ ነው የሚሸጠው። ሩብ ኢንች 6.35 ሚሊ ነው። የ6 ሚሊ ዘንግ (የቢቱ እግር) በሩብ ኢንች ኮሌት፣ ማለትም ራውተሩ ቢቱን ጨብጦ በሚይዝበት አንገት፣ ውስጥ ቢጠብቅም አትመኑት፤ በሥራ መሃል ሊንሸራተት ወይም ሊወረወር ይችላል። ራውተሩን ከሶኬት ንቀሉ፣ የኮሌቱን ውስጥ ከብናኝ አጽዱ። ዘንጉን እስከ መጨረሻው አስገብታችሁ 2 ወይም 3 ሚሊ መልሳችሁ ሳቡት፣ ከዚያ አጥብቁ።

ፍጥነቱንም እዩ። ትንሿ ቢት በደቂቃ 24,000 ዙር ትችላለች። ከ50 ሚሊ በላይ የሆነውን ትልቁን ቢት ግን ወደ 16,000 ወይም ከዚያ በታች አውርዱት፤ ቢቱ ላይ የተጻፈ ልክ ካለ እሱን አክብሩ። እየቆረጣችሁም አንድ ቦታ አትቁሙ። የቆመ ቢት መቁረጡን ትቶ መፈተግ ይጀምራል፣ ስለቱንም የሚጨርሰው ያ ሙቀት ነው።

ኩሽኔታውን መርሳት

ስለቱ ምላጭ ሆኖ ኩሽኔታው የተያዘ ቢት ብዙ አይቻለሁ። ከመሥራታችሁ በፊት በጣታችሁ አሽከርክሩት። ካንገራገረ ወይም ከቆመ ቀይሩት። የማይዞር ኩሽኔታ የእንጨቱን ጠርዝ እያሻሸ ያቃጥልና ብርጭቆ ወረቀት በቀላሉ የማያነሳው ጥቁር መስመር ይተዋል።