ስብሰባ ሲከለከል የቀድሞ ወታደሮችን ማኅበር በስልክ ሰንሰለት ማገናኘት

ወረርሽኝ ሲገባ ኮሚቴ መጀመሪያ የሚያስበው የቴሌግራም ግሩፕ መክፈት ነው። ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ላሉት ይጠቅማል፤ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ የሚኖረው፣ ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘው ሃምሳ አለቃ ግን አይደርሰውም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ እንደተከለከለው ዓይነት ጊዜ ከመጣ፣ የቀድሞ ወታደር ለምዶት የኖረው ሰንሰለት ይበልጣል፦ በጓድ ተከፋፍሎ፣ በሰዓቱ ስም ጠርቶ ሪፖርት ማድረግ።

መዝገቡን ማደስ

በወረቀት ይሁን፤ ሁለት ቅጂ፣ አንዱ ሰብሳቢው ጋ፣ ሌላው ጸሐፊው ጋ። በየስሙ አንጻር ማዕረግ፣ የራሱ ስልክ፣ የቤተሰብ ስልክ፣ ስልክ ያለው የቅርብ ጎረቤት፣ ጎጥ፣ ዘወትር የሚወስደው መድኃኒትና በደንብ የሚሰማበት ጆሮ ይጻፍ። የሟች ባለቤቶች በባላቸው ስም ሥር ሳይሆን በራሳቸው ስም ይመዝገቡ፤ ከሰንሰለቱ ቶሎ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። እያንዳንዱን ቁጥር ደውላችሁ አረጋግጡ። ሲሙ ለልጅ ተሰጥቶ ወይም ቀፎው ተሰብሮ መዝገቡ ላይ ብቻ የቀረ ቁጥር አይጠፋም።

ጓድ ማደራጀት

አባላቱ 64 ከሆኑ 8 ጓድ፣ በየጓዱ 8 ሰው። ክፍፍሉ በማዕረግ ወይም በጓደኝነት ሳይሆን በሰፈር ይሁን፤ ስልክ ዝም ሲል በእግር የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። መሪው ትልቁ ባለ ማዕረግ መሆን የለበትም። ጆሮው ደህና የሆነ፣ ሰው ሲያወራ የማያቋርጥ ይበቃል። ተተኪ ይኑረው።

ጥሪው

ረቡዕና ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ሰው ከእርሻ ከተመለሰ በኋላ። ለአንድ ሰው 5 ደቂቃ ቢወስድ መሪው 7ቱን በ35 ደቂቃ ይጨርሳል። አባሉን በማዕረጉ ጥሩ፤ ከዚያ አራት ነገር ጠይቁ፦ ጤና፣ መድኃኒት፣ ቀለብ፣ ቤት ውስጥ አብሮ ያለ ሰው። መልእክት ካለ ከነገሩት በኋላ አባሉ መልሶ ይድገመው፤ ሬዲዮ ላይ የነበረ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል። ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦና አረቄ በሽታውን ያድናሉ የሚለው ወሬ በ2012 የተሠራጨው ሰው ከሰማው ላይ እየጨመረ ስላወራ ነው፤ መሪው ከኮሚቴው የተቀበለውን ብቻ ያስተላልፍ።

አትጩኹ። በተኩስ ድምፅ የተጎዳ ጆሮ ቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ስለሆነ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ፈ» ይምታቱበታል፤ ጩኸት አያጠራቸውም። ድምፅን ወፈር፣ ንግግርን ዘግየት ማድረግ ይረዳል። በቀኝ ትከሻው ሲተኩስ የኖረ ሰው ብዙ ጊዜ ይበልጥ የሚጎዳው የግራ ጆሮው ነውና ስልኩን በቀኝ ጆሮው እንዲይዝ ንገሩት።

ለመሪዎች የአየር ሰዓት ማኅበሩ ይሙላ። ከስልክ ወደ ስልክ ሒሳብ ለማስተላለፍ *806*፣ የተቀባዩ ቁጥር፣ *፣ የብሩ መጠን፣ # ነው። ሒሳብ ያለቀበት አባል *807*፣ የመሪው ቁጥር፣ # ብሎ «መልሰህ ደውልልኝ» ይላክ።

ሰንሰለቱ ሲበጠስ

ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት መሪው ለጸሐፊው በአጭሩ ሪፖርት ያድርግ፦ «7 ተጠርቷል፣ 6 አቤት ብሏል»። ሁለቴ ተደውሎለት ያላነሳ ካለ በዚያው ምሽት ለጎረቤቱ ይደወል። ካልተገኘ ጠዋት ቅርብ ያለው አባል በሩ ድረስ ሄዶ ከደጅ ይጣራ፤ ሁለት ሜትር ርቆ። (ክላሽ ከነሳንጃው አንድ ሜትር ያህል ነው፤ ሁለቱን ቀጥሉት።) ትኩሳትና ሳል ካለ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም በኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የስልክ መስመር 8335 ይነገር።

ብዙ ጊዜ ሰንሰለቱ የሚበጠሰው ግን ከመሪው ላይ ነው፤ እሱ ሲታመም 7 ሰው አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ደንቡ ወደ ላይም ይሥራ፦ እስከ 2 ሰዓት ያልተደወለለት አባል ራሱ ለተተኪው ይደውላል። ይህን ለሁሉም በመጀመሪያው ጥሪ አስደግሙ።

ኔትወርክ ለማይደርስበት አባል ደብዳቤ ይላክ። በሚቀርበው ጓድ ተመዝግቦ በሳምንት አንድ ቀን መልእክተኛ ይሂድለት።

መዋጮ

በማኅበሩ ስም በተከፈተ፣ ሁለት ፈራሚ ባለው የባንክ ሒሳብ ይግባ። በገንዘብ ያዡ የግል ስልክ መሰብሰብ ይቀላል፤ ወረርሽኙ ሲያልፍ የሚነሳው ጭቅጭቅ ግን አይቀልም። ማንም አባል የምስጢር ቁጥሩን ለማንም እንዳይናገር በየጥሪው አስታውሱ።

ለቅሶ

ጎጃም ውስጥ ለቅሶ አትሂዱ ቢባል የሚሰማ የለም፤ መከልከሉ ሰውን ተደብቆ እንዲሄድ ያደርገዋል። ተራ ማውጣት ይሻላል፦ በቀን አንድ ጓድ፣ ሦስት ሦስት ሰው እየሆነ፣ ግቢ ውስጥ ቆሞ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ሳይተቃቀፍ። እዝኑንና ገንዘቡን ከየጓዱ አንድ ሰው ብቻ ያድርስ። መሄድ ያልቻሉ ባለ ማዕረጎች በተራቸው ለቤተሰቡ ይደውሉ፤ ተራውን ጸሐፊው ያውጣ፣ አለዚያ ሁሉም በመጀመሪያው ቀን ደውሎ ከሳምንት በኋላ የሚደውል ይጠፋል።